በተራ የተወቀጠው ኮረብታ

ጡረታ ወጥቼ የትውልድ ከተማዬ ቢቸና ከገባሁ ወዲህ ባዶ እጁን በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። የሚያመጡልኝ ግን ዳቦ ወይም ማር እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ነው። በፌስታል ይመጣል፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይመጣል። አንድ ጊዜማ አንዲት ሴትዮ በአንቀልባ አዝለው አምጥተውልኝ፣ ልጅ መስሎኝ "ስንት ወሩ ነው?" ብዬ ጠይቄያለሁ።

"ኢንጂነር፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ።"

ኢንጂነር አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት ጂኦሎጂ ነው፤ ሥራዬ ማዕድን ማሰስ ነበር። ይህንኑ ስነግራቸው "እሽ ኢንጂነር" ይሉኛል። ተውኩት።

ለእያንዳንዱ እንግዳ የምደግመው ንግግር አለኝ። የቆምንበት መሬት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ፣ በርዶ የረጋ። ወደ የጁቤ ሄዳችሁ የዓባይን ገደል ቁልቁል ብታዩ ከጥቁሩ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ከኖራው ሥር ጀሶ፣ ከጀሶው ሥር ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይኖርም። እሱ የሚኖረው ፔግማታይት በሚባል ድንጋይ ውስጥ ነው። ግራናይት ከምድር ሥር ቀስ እያለ ሲረጋ የለመዳቸውን ማዕድናት በየተራ እየሠራ ይሄዳል። ታንታለም፣ ሊትየምና ቤሪሊየም የመሳሰሉት ብርቅ ብረቶች ግን ከማንም ጋር አይገጥሙም። ተገፍተው ተገፍተው መጨረሻ ላይ በምትተርፈው ጭላጭ ውስጥ ይከማቻሉ። ያች ጭላጭ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ስትረጋ ነው ፔግማታይት የምትሆነው። አብዛኛው ጭላጭም ባዶ ነው፤ ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን የክንድ ያህል፣ እንደ ሉህ የሚገነጠለው ሚካ የመጽሐፍ ያህል አድጎ እያማረበት ባዶ ነው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረድቼ ስጨርስ ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና "እንግዲያው ይች የትኛዋ ናት?" ይለኛል። የያዛት ከቤቱ አጥር የወደቀች ጥቁር ድንጋይ ናት።

እንዲህ እየተበሳጨሁ ኑሮን ለምጄው ሳለሁ ነው እህቴ የሺ ከሞጣ የደወለችው። የሺ ታናሼ ናት፤ ባሏ አየነው ገበሬ ነው፤ ሥራ የሚወድ፣ ነገር የማያበዛ ሰው።

"ጋሼ፣ አየነው በሬዎቹን ሊሸጥ ነው።"

"የትኞቹን በሬዎች?"

"ስንት ጥማድ አለን ብለህ ነው? ያችኑ አንዷን ጥማዳችንን ነው እንጅ። በመጭው ገበያ ያወጣቸዋል።"

"ምን ነካው? ታመመ?"

"ለሊትየም ነው። ማኅበር ገብቷል። ገደሉን የሚቆፍር ኤክስካቫተር ይከራያሉ አሉ።"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁና አየሁት። "ሞጣ ላይ ሊትየም አለ ያለው ማን ደደብ ነው?" አልኳት።

"አንተ ነህ እኮ ጋሼ። ጽፈኸው የለ? ከነስምህ ከነፊርማህ በስልክ ሁሉም አንብቦታል።"

ስለ የትኛው ጽሑፍ እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያ ጽሑፍ የት እንዳለ አላውቅም ነበር እንጂ መኖሩን ሠላሳ ዓመት ያህል ረስቼው አላውቅም።

*

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት ወለጋ ነበር፤ እብነ በረድ ስንለካ ከረምን። ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጉጂ ምድር ተላክሁ። ደመወዙ እንደ ማንኛውም መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የውሎ አበሉ ወረቀት ግን ስድስት ፊርማ ይፈልግ ስለነበር አንዳንዴ ከመስክ ተመልሰን እንደገና መስክ ከወጣን በኋላ ነበር የሚደርሰን። ይህን የማነሳው ሌላ ቦታ አላነሳውምና ነው።

በጉጂ ደን ውስጥ ታንታለም የሚወጣበት የታወቀ የፔግማታይት ጉድጓድ ነበር። እኛ ከዚያ አለፍ ብሎ ባለው ቀይ አፈር የለበሰ ኮረብታ ሥር ሌላ የተደበቀ ፔግማታይት መኖሩን እንድናጣራ ተላክን። የአሰሳው ቡድን አለቃ በወረቀት ላይ እኔ ነበርኩ። በተግባር ግን አለቃዬ ጋሽ መኰንን ነበሩ።

ጋሽ መኰንን የአሰሳ ቴክኒሻን ነበሩ። ዲግሪ የላቸውም፤ ስለ ዲግሪም አይናገሩም። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተቆለፈ ሰው ነበሩ። ድንጋይ ሲሰጧችሁ በአንድ እጅ ብትቀበሉ አይለቁትም፤ በሁለት እጅ ይዛችሁ ክብደቱን ካልመዘናችሁ "አላየኸውም" ይሉ ነበር። በገበቴ አፈር ሲያጥቡ ውኃውን የሚያዞሩት በጣም በቀስታ ስለነበር የቀን ሠራተኞቹ "ጋሽ መኰንን ሕፃን እያጠቡ ነው" ብለው ይቀልዱባቸው ነበር። ገበቴው ሥር የቀረችውን ጥቁር ከባድ አሸዋ ግን ከእሳቸው በቀር ማንም ሳያፈስ አውጥቷት አያውቅም። ታንታለም ያለባት ማዕድን እሷ ውስጥ ነው የምትገኘው። ውጤት በእርሳስ ይጽፋሉ፤ የሚፈርሙበት ግን አንድ ሌሊት ተኝተው ሲነሱ ብቻ ነው። "ለምን?" ስላቸው "ማታ የወደድከው ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል አይተህ ፈርም" ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሰለቸኝ ነጭ ድንጋያቸው ነበር። አንድ ባዶ ኳርትዝ የሚገኝበት ቦታ ያውቃሉ፤ ምንም ዓይነት ብረት የሌለበት፣ እንደ ወተት የነጣ። ከዚያ በጆንያ ያስመጣሉ። አንድ ናሙና በብረቱ ሙቀጫ ተወቅጦ በወጣ ቁጥር ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት አንድ እፍኝ ነጭ ድንጋይ ተወቅጦ ይጣላል። ሙቀጫውን ማጠቢያ መሆኑ ነው። ታንታለም የያዘችው ማዕድን ተሰባሪም ከባድም ናትና በሙቀጫው ሥር ባለች ቧጨራ ሁሉ ትደበቃለች፤ በጨርቅ መወልወል አያወጣትም። ይኼ አንሷቸው ከነጩ ድንጋይ ደግሞ የተወሰነውን እንደ ማንኛውም ናሙና ከረጢት ውስጥ አስገብተው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ከሌሎቹ ጋር አዲስ አበባ ወዳለው ላቦራቶሪ ይልኩታል። "ሰላይ" ይሉታል። ላቦራቶሪው በሰላዩ ውስጥ ታንታለም አገኘሁ ካለ፣ ያ ታንታለም የገባው ከእኛ እጅ ነው ማለት ነው። በዚህም አያበቃም፤ ናሙናዎቹ የሚወቀጡት በተወሰዱበት ቅደም ተከተል እንዳይሆን እንደ ካርታ ጨዋታ ይበውዟቸዋል።

ነጭ ድንጋይ ደግሞ ጠንካራ ነው። መውቀጡ ክንድ ይበላል፤ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። ወጣት ነበርኩና ትርፍ ልፋት ይመስለኝ ነበር።

የኮረብታው ናሙና ተሰብስቦ ያለቀው በሕማማት ሰሞን ነው። ጋሽ መኰንን ጥርሳቸውን ታመው ለሕክምና ወርደው ነበር። ሲሄዱ መኪናው ላይ ሆነው "ነጩን ድንጋይ አደራ" አሉኝ። መኪናው ተመልሶ ሐሙስ ጠዋት ናሙናውንም እኛንም ይዞ ይወጣል፤ ያ ካመለጠን ፋሲካን ጫካ ውስጥ መዋል ነው። የቀን ሠራተኞቹ ግማሾቹ የዲላ አካባቢ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ጾሙም ስግደቱም አድክሟቸዋል፤ ዘነዘናውን የሚያነሱት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቢቸና የምትጠብቀኝ እናት አለችኝ፤ የዚያን ዓመት መጀመሪያ አባቴ አርፎ ነበርና ብቻዋን ልትፈስክ ነው።

ነጩን ድንጋይ ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ጆንያው ፊት ለፊቴ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ቆጠርኩና እንደማይደርስ አየሁ። "ሙቀጫውን በጨርቅ ወልውሉት፤ ከምዕራብ ጀምራችሁ በመስመሩ ተራ ውቀጡት" አልኩ። ያ ሙቀጫ ደግሞ ከዚያ በፊት ለሳምንታት የታወቀውን ጉድጓድ ድንጋይ ሲወቅጥ የከረመ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ከረጢት ታስሮ መኪናው ላይ ነበር። ቅዳሜ ማታ ቢቸና ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ዶሮው ግሩም ነበር።

ውጤቱ ከወራት በኋላ መጣ። ቁጥሮቹን በኮረብታው ካርታ ላይ አሰፈርኳቸው። በምዕራብ በኩል ታንታለሙ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ምሥራቅ በዝግታ እየቀነሰ ይሄዳል። ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ይመስል ነበር። በቀይና በቢጫ ቀባሁት። ወደ ሰሜን ደግሞ በተቆራረጠ መስመር አንዲት ቀስት አከልኩና "ወደዚህ አቅጣጫ ሊቀጥል ይችላል" ብዬ ጻፍኩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ቀለም ያለው ካርታ የሚወድ ሰው ነበር። በዚያው ቀን ፈረምኩለት፤ ተኝቼበት አልነበረም። ጋሽ መኰንን "ሰላዮቹ ምን አሉ?" ብለው ሲጠይቁኝ "ንጹሕ ናቸው" አልኳቸው። ሰላይ አልላክሁም ነበር።

ቁፋሮ ታዘዘ። ምዕራቡ የኮረብታ ገጽ ኦቦ ሃላኬ የሚባሉ የጉጂ ሽማግሌ የሚጠብቁት የጥጃ ግጦሽ ነበር። በዚያ አገር ለጥጃና ለደካማ ከብት ተብሎ የሚከለል መስክ አለ፤ ካሎ ይሉታል፤ በደረቁ ወራት ሌላ ከብት አይገባበትም። እኛ ገባንበት። ሦስት ረጃጅም ቦይ ከላይ እስከ ታች ቆፈርን። ቀይ አፈር፣ ከሥሩ የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ። ጭላጭ የሚባል የለም፤ የጣት ያህል ፔግማታይት እንኳ የለም። ዝናቡ ሲመጣ ቦዩ ውኃ ይዞ ዳሩ ተናደ። አንዲት ጊደር ገብታ እግሯ ተሰበረ። ኦቦ ሃላኬ ወደ ድንኳኔ መጥተው በአስተርጓሚ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "የፈለጋችሁትን አገኛችሁ? ካገኛችሁ እሽ፤ አገር ይጠቀማል" አሉ። "ገና እየፈለግን ነው" አልኳቸው። ጊደሯን አርደው ሥጋውን ለሠራተኞቹ ላኩልን፤ እኔ ልበላው አልቻልኩም።

ነገሩን ያወጡት ጋሽ መኰንን ናቸው። አንድ ጠዋት የላቦራቶሪውን ዝርዝርና የወቀጣውን መዝገብ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አነጠፉ። በጣታቸው ቁጥሮቹን እየተከተሉ ወረዱ።

"ታደለ፣ ይኼ ቁጥር የሚወርደው በኮረብታው አይደለም" አሉኝ። "በአወቃቀጡ ተራ ነው። መጀመሪያ የተወቀጠው ብዙ አለው፣ ቀጥሎ ያለው ያነሰ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሙቀጫው ነው ቀስ እያለ የጠራው። የሳልከው ኮረብታውን አይደለም፤ ሙቀጫውን ነው።"

መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ሰላይ አልላክህም።"

"አልላክሁም።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። "አንተው ጻፈው" ብቻ አሉኝ። "እኔ አልጽፍልህም።"

ጻፍኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ የነበረው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ "በአንዳንድ ናሙናዎች ዝግጅት ረገድ ጥያቄ ሊነሳ ስለሚችል ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።" ጋሽ መኰንን አነበቡት፣ አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይ ሲሰጡኝ በአንድ እጅ ብቀበልም ይለቁልኝ ነበር። ከዚያ የባሰ ቅጣት ደርሶብኝ አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ከዚያ በኋላ ነጩን ድንጋይ ሳላስወቅጥ አንድ ናሙና አሳልፌ አላውቅም፤ ወጣቶቹ ነዝናዛ እያሉ ነበር የሚያሙኝ። ደብዳቤዬ ግን ከሪፖርቱ ጀርባ ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

*

የሺ በደወለች በማግስቱ ሞጣ ወረድኩ። አየነው ግቢ ውስጥ የማኅበሩ አባላት የሆኑ ስድስት ሰባት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጠሪው አየነው ነው፤ "ባለቤቱ ራሱ ይምጣና ያስረዳን" ብሎ። እኔ ላስቆማቸው ስመጣ እነሱ እኔን ሊመርቁኝ ተዘጋጅተዋል። ሁለቱ በሬዎች ከበረቱ አጥር ሥር ሣር እያላመጡ ነበር።

መሐላቸው ደረቱን ነፋ ያደረገ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሠላሳዎቹን ያገባደደ ሰው ነበር። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሞገስ ይባላል። የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ አለኝ፤ ኑሮ አልሞላ ሲለው ትቶ ባጃጅ ገዝቶ ይነዳ ነበር።

"ጋሽ ታደለ፣ እርስዎን በአካል ማግኘት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሪፖርትዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።"

ደላላ ጠብቄ ነበር። ደላላ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ይኼ ሰው ያምን ነበር።

ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የኔው ካርታ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ቀስቷ። የሆነ ሰው አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ አግኝቶ ፎቶ አንስቶታል፤ ከዚያ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሞጣ ደርሷል። ታንታለም ካለ ሊትየምም አብሮ ይመጣል ተባለ። ያችን ቀስትማ ወስደው አገር አሻግረው ዓባይ አድርሰዋታል። ከኮረብታው ጫፍ ቀጥሎ እስካለው ሸለቆ ለማለት ነበር የሳልኳት።

"ይኼ ቀስት እኮ ለሸለቆዋ ነው!" አልኩ። "እንኳን ዓባይን፣ የሸለቆዋን ወንዝም አያሻግር!"

"ሊቀጥል ይችላል ነው የሚለው" አለ ሞገስ በትሕትና።

ድንጋዩን አመጡልኝ። ከገደሉ ያወጡት ነው፤ የሚያበራ፣ እንደ ሉህ የሚገነጠል። ሚካ ይመስላል፤ ሊትየም የያዘ ሚካ መኖሩንም ሞገስ ከሪፖርቴ ላይ አንብቧል። አይቼው ነገሩ ገባኝ፤ ግን ከመናገሬ በፊት "ቆይ ቴስቱን ልሥራልዎት" ብሎ ወደ ጓዳ አስገባን። ድንጋዩን በመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ነካክቶ በሽቦ ጫፍ ወደ ጋዝ ምድጃው ነበልባል አቀረበው። ነበልባሉ ቀላ። የማኅበሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ለስንተኛ ጊዜ እንዳዩት እንጃ፤ አሁንም ያስደንቃቸዋል።

"ሊትየም በቀይ ነው የሚነድ" አለ ሞገስ።

"ካልሲየምስ?"

"ካልሲየም… የጡብ ቀይ።"

"ይኼስ ምን ዓይነት ቀይ ነው?"

ሽቦውን ከነበልባሉ አወጣና "ጋሼ፣ በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ሊትየም አይቼ አላውቅም። አስተምሬዋለሁ እንጅ አላየሁትም" አለኝ። ያን ጊዜ ንዴቴ የሚያርፍበት አጣ።

ወደ ግቢው ተመለስን። ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩና "ይኼ ጀሶ ነው" አልኳቸው። "ግድግዳ የምትለስኑበት ጀሶ። ሲጠራ እንዲህ ያበራል። ውስጡ ካልሲየም ስላለው ነው የሚቀላው።"

አየነው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ቀና ሲል ግን አልተዋጠለትም። "ጋሼ፣ ጀሶ ይሁን እሽ። ከሥሩ ያለውስ? ሪፖርቱ ራሱ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ይላል እኮ።"

"አዎ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ" አለ ሞገስ። "እኔ እንደገባኝ በጀት አልቆባችሁ ነው ያቆማችሁት። አለ ማለት ነው እንጅ፣ የለም ቢሆን የለም ብለው ይጽፉ ነበር። እንደርስዎ ያለ ሰው።"

በዚያ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ስለ ጀሶ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ግራናይት ማታ እስኪሆን ማውራት እችል ነበር፤ ሰዎቹም "ኢንጂነር ያውቃል" ብለው ይሰሙኝ ይሆናል፤ ሲነጋም በሬዎቹ ገበያ ይወጡ ይሆናል። የሺ በበረቱ በር ቆማ አየችኝ። ይህ ቤተሰብ በድህነት ያሳለፋቸውን ዓመታት አውቃለሁ። ጥማዱ ከሄደ የሚያርሱት በሰው በሬ ነው፤ የእህሉም እኩሌታ ለባለ በሬው ይሄዳል።

"የለም" አልኩ። "ያኔም አልነበረም። ሪፖርቱ ስህተት ነው፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።"

ነገርኳቸው። ሙቀጫውን፣ ነጩን ድንጋይ፣ ፋሲካውን፣ ሳልተኛበት መፈረሜን፣ የኦቦ ሃላኬን ጊደር ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰላዮቹ ንጹሕ ናቸው ብዬ መዋሸቴንም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ ቆዩና "እናትህ ያን ዓመት ብቻዋን አልፈሰከችም እንግዲህ" አሉኝ። አልተቀየሙኝም፤ ግን ያ ቃል ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

አየነው ግን ሌላ ነገር ታየው። "ያኔ ከተሳሳቱ፣ አሁንስ እንዳልተሳሳቱ በምን እናውቃለን?"

ራሴን ይዤ መጮህ አማረኝ። ሠላሳ ዓመት ካልኩት ሁሉ የታመነልኝ ውሸቴ ብቻ ነው። ግን ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጋሽ መኰንንም ቢሆኑ እንዲያ ነበር የሚጠይቁት።

"አታውቁም" አልኩት። "እኔን አትመኑ። ከሚካው በቀር ሊትየም የሚይዘው ድንጋይ መስታወት ይጭራል። ሊትየም ያለው ሚካ ሲገነጠል ሉሁ እንደ ምላጭ ሲታጠፍ ተመልሶ ይቃናል። ጀሶ ግን በጥፍር ይጫራል፤ ሉሁ ሲታጠፍ ይሰበራል። ጥፍር ሁላችሁም አላችሁ።"

ማንም አልተነሳም። የሞከረ ሁሉ የራሱን ተስፋ ነው የሚጭረው። በመጨረሻ የሺ ከበረቱ በር መጣች። ድንጋዩን ከእጄ ወሰደችና የአውራ ጣቷን ጥፍር ጎተተችበት። ነጭ ቦይ ወጣ፤ ዱቄቱ ጥፍሯ ሥር ቀረ። አንዷን ሉህ ገንጥላ አጠፈቻት፤ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ለአየነው አሳየችው። ከዚያ ወደ በረቱ ተመልሳ በሬዎቹን ከአጥሩ ፈትታ አስገባቻቸው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተሰናበቱ ወጡ። ሞገስ ቀረ። ድንጋዩን አንስቶ ደጋግሞ በጥፍሩ ጫረው።

"ይኼን ሪፖርት ባላነብ ባጃጄን አልሸጥም ነበር" አለኝ። የእህቴ በሬዎች ተርፈዋል፣ ያንተ ባጃጅ ግን ሄዷል ልለው ነበር? ይቅርታ ጠየቅሁት። "እሽ" አለኝ።

*

ቢቸና ተመልሼ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፍኩት። ማታ ጻፍኩት፣ ተኝቼበት ጠዋት ፈረምኩት። "በኮረብታው ላይ የተመዘገበው ታንታለም ከሙቀጫችን የመጣ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው።" ሦስት ቀን የፈጀብኝ ነገር አንድ መስመር ነበር።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ መዝገብ ክፍል ስደውል አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች። ሪፖርት ለማስገባት ቅጽ አለ፤ ሪፖርት ለማረም ቅጽ የለም። ሪፖርቱን ያቀረበው የሥራ ክፍል ኃላፊ ደብዳቤ ቢጽፍ ይቻላል አለችኝ። ክፍሉ ከፈረሰ ዘመን ሆኖታል። "እንግዲያው አባቴ፣ ያኔ የጻፉት ሰው ቢያመለክቱ ነው" አለች። "እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት" አልኳት። "መታወቂያዎ አሁንም እዚህ ይሠራሉ ይላል?" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

ቢቸግረኝ ወረቀቱን ለሞገስ ላክሁለት። ሪፖርቱ በስልክ ከዞረ እርማቱም በስልክ ይዙር ብዬ ነው። ዓይንህን ለአፈር ብሎኝ እንደማይመልስልኝ ገምቼ ነበር። በዚያው ቀን ካርታው በገባበት ግሩፕ ሁሉ ላከው። ስሜንም ከላይ በትልቁ ጻፈው፤ አልከፋኝም።

ከወር በኋላ ራሱ ቢቸና መጣ። የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ደጃፌ ላይ ቆሞ ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ድንጋይ ነው። በል ደግሞ ጀመረ ብዬ ደሜ ፈላ።

"ከአንድ ተሳፋሪ ነው" አለኝ። "ከየት እንዳነሳው ጠይቄዋለሁ፤ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነው ያገኘው። በጥፍር ሞከርኩት፣ አልተጫረም። መስታወት ላይ ሞከርኩት፣ ጫረ። አሲዱ አላፈላበትም። ነበልባሉም አልቀላ። ተኝቼበት ነው የመጣሁ።"

ድንጋዩን ሰጠኝ። በሁለት እጄ እስክይዘው አልለቀቀም፤ ይህን ልማድ ከእኔ ያየው ግቢው ውስጥ ጀሶውን ስይዝ ይሆናል። ክብደት የለውም። እንደ ወተት የነጣ ነው።

"ኳርትዝ ነው" አልኩት። "ምንም የለበትም።"

ፊቱ ጠቆረ፤ መሐረቡን አጠፈው። ድንጋዩን ልመልስለት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። "እኔ ጋ ይቅር" አልኩት፤ በሩንም ከፈትኩለት። "ሙቀጫ አለኝ። ግባ፣ ምንም የሌለበት ድንጋይ ምን እንደሚሠራ ላሳይህ።"